የቶና ዕቃ

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በጅማ ከተማ የምኖር የ36 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቴምብርና አሮጌ ሳንቲም እሰበስባለሁ። በከተማችን እንደ እኔ ዓይነት ዝንባሌ ያላቸው ወደ አሥር የምንጠጋ ሰዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ በየተራ በአንዳችን ቤት እንገናኛለን። ቡና ይፈላል። በአቦሉ ቴምብርና ሳንቲማችንን አውጥተን እንለዋወጣለን። ቶናው ሲቀዳ ደግሞ እያንዳንዳችን ከመሰብሰቡ ጋር ምንም የማይገናኝ፣ በቅርቡ የገዛነውን ወይም ያገኘነውን ነገር እናሳያለን። የቶና ዕቃ እንለዋለን። ልማዱን ያስጀመሩት አባባ የምንላቸው፣ ከፖስታ ቤት በጡረታ የተገለሉ አዛውንት ናቸው።

በፊት በጣም ደስ የሚል ነገር ነበር። ልብስ ሰፊው ጓደኛችን ከሐሙስ ገበያ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዞ የመጣበትን ቀን አልረሳውም። ከአንድ ወጥ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ መቀመጫው ጎድጎድ ብሎ ከመቀመጥ ብዛት ያብረቀርቃል። ገልብጠን ስናየው መሮው ያለፈበት መስመር ገና አልጠፋም። አንደኛው እግር ላይ ትልቅ ጥቁር ጉጥ አለ፤ ጠራቢው ጉጡን እንዳይሰብረው ብሎ እግሩን ከሌሎቹ ወፈር አድርጎ ትቶታል። ሻጪዋ አማቷ ልጆቻቸውን ሲያጠቡ ይቀመጡበት እንደነበር ነግራዋለች። ዕድሜውን ለመገመት ስንከራከር ቡናው ቀዘቀዘ። አሁን ቫርኒሽ ሊቀባው እንዳሰበ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ነገሩ ተለወጠ። ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን ውድ ስልክ ገዝቶ አሳየን፤ ከዚያ ሶፋ ገዛ። «ስንት ገዛኸው?» ማለት የመጀመሪያው ጥያቄ ሆነ። ሌሎቹም ተከተሉ። ልብስ ሰፊው ሁለት ጊዜ «ዛሬ ምንም የለኝም» ብሎ ዝም አለ። እኔ ደግሞ በመጋቢት እቁብ ወጣልኝ። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ክረምት ሳይገባ የመኝታ ቤቱንና የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ለመቀየር ነበር። በገንዘቡ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛሁበት። ለባለቤቴ ግማሹን ብቻ እንደከፈልኩ፣ ቀሪው ከደመወዜ በየወሩ እንደሚቆረጥ ነገርኳት፤ እውነቱ ግን የእቁቡ ገንዘብ በሙሉ አልቋል። በቶናው ላይ ፎቶውን አሳየሁ፤ ዋጋውን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። አባባ ያዋሱኝ የቴምብር ደብተር እንኳ እኔው ዘንድ ነው። የማስተናግድበት ተራዬም ደርሷል። ከማኅበሩ ልውጣ? ወይስ የቶና ዕቃ የሚባለው ነገር ጨርሶ እንዲቀር ሐሳብ ላቅርብ?

መምህሩ፣ ከጅማ»

ወንድሜ፣

ከማኅበሩ አትውጣ፤ የቶና ዕቃም አይቅር። ለሁለቱም ምክንያት አለኝ። መጀመሪያ ግን ስለ ጣሪያው እንነጋገር፤ የጅማ ዝናብ እኔና አንተ ተመካክረን እስክንጨርስ አይጠብቅም።

ለባለቤትህ እውነቱን ንገራት። ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ንገራት። ይህን የምልህ አንድ ጊዜ የተናገርከው ውሸት አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሮ የሚያበቃ ስላልሆነ ነው። በየወሩ ከደመወዝህ ይቆረጣል ብለሃታል፤ እንግዲህ በየወሩ የማይቆረጠውን ገንዘብ ከዓይኗ መሰወር ይኖርብሃል፤ ተሰውሮም የሚገባበት ቦታ ልትፈልግለት ነው። ደግሞም ምሥጢሩ በአንተ እጅ ያለ አይምሰልህ። ዋጋውን ለአሥር ሰው ነግረሃል። ከአሥሩ ሰዎች የአንዱ ባለቤት ነገ ገበያ ላይ አግኝታት «እንኳን ደስ አላችሁ፣ በእጃችሁ ከፍላችሁ ገዛችሁት አሉ» ብትላት ምን ትላለች? ለአሥር ወዳጅ የተነገረውን ዋጋ ያልሰማች እርሷ ብቻ ናት። እኔን ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ስትነግራት የባንክ ሠራተኛውን ስም አታንሣ። «ጓደኞቼ እንዲህ እያደረጉ ሲያስቸግሩኝ» ብለህም አትጀምር። ያደረግከውን ብቻ ተናገር፤ እቁቡ ወጣ፣ ቴሌቪዥን ገዛሁበት፣ ግማሹን ብቻ ከፈልኩ ያልኩሽ ውሸት ነው፣ ለቆርቆሮው የቀረ ገንዘብ የለም። ከዚያ ዝም በልና የምትለውን ስማ። ትቆጣለች፤ መብቷ ነው። በእቁቡ ውስጥ የእርሷም ቁጠባ አለበት፤ አንተ ስትጥል ከቤቱ ወጪ እየቀነሰች አብራህ የጣለች ሴት ናት።

ቴሌቪዥኑን ምን እናድርገው ለሚለው፣ ውሳኔው የሁለታችሁ ነው። አስተያየቴን ከጠየቅኸኝ ግን ሽጡት። ካርቶኑና ደረሰኙ በእጅህ ካለ መጀመሪያ ወደገዛህበት ሱቅ ይዘህ ሂድ፤ እዚያ ካልተቀበሉህ ከዋጋው ጎድሎም ቢሆን ሽጠው፤ ያገኘኸው ገንዘብ ቢያንስ ለመኝታ ቤቱ ቆርቆሮና ምስማር መግዣ ይሆናል። ማድ ቤቱ ለሚቀጥለው እቁብ ሊቆይ ይችላል። ደግሞ አንተ ቴምብር ሰብሳቢ ነህ፤ እርጥበት ምን እንደሚያደርግ ለአንተ አይነገርም። ከጀርባው ሙጫ ያለው ቴምብር እርጥብ አየር ሲያገኘው ከደብተሩ ገጽ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ወረቀቱ ይሻግታል፤ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ስብስብ፣ በዚያ ላይ የሰው ደብተር በአደራ ተጨምሮበት፣ እንቅልፍ ሊነሣህ ይገባል።

አሁን ወደ ማኅበራችሁ ልመለስ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንተ ራስህ ሳታውቀው መልሱን ጽፈኸዋል። ስለ ልብስ ሰፊው በርጩማ ስትጽፍ ጉጡን፣ የመሮውን መስመር፣ የወፈረውን እግር፣ የሻጪዋን አማት ሳይቀር አንሥተሃል። ስለ ሶፋው የጻፍከው «ሶፋ ገዛ» ብቻ ነው። የራስህን ቴሌቪዥን «ትልቅ» ብለህ አለፍከው። ለበርጩማው ያን ያህል ቃል የነበረህ ሰው ሙሉ የእቁብ ገንዘብ ለወጣበት ዕቃ ቃል አጣህለት። ጓደኞችህም ስለ ቴሌቪዥኑ ከዋጋው በቀር የጠየቁህ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ከዋጋው በቀር ምንም አላሳየሃቸውምና።

በመካከላችሁ የተፈጠረው ነገር እንዲህ ይመስለኛል። የሰብሳቢዎች ጨዋታ ያለ ዋጋ አይሆንም። ሁለት ሰዎች ቴምብር ሲለዋወጡ የአንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚበልጥ ካልተነጋገሩ አንደኛው መጎዳቱ አይቀርም። ጠገራ ብር ብናነሣ፣ በላዩ የተጻፈው 1780 ስለ ዕድሜው ምንም አይነግርህም፤ በብሩ ላይ የተቀረጸችው የኦስትሪያ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ከሞተችም በኋላ በየጊዜው ሲመታ የኖረው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ 28 ግራም ገደማ የሚሆነውን ክብደቱን ትመዝናለህ፤ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ጽሑፍ መኖሩን በጣትህ ትዳስሳለህ፤ በአንገት ጌጥነት አገልግሎ ተበስቶ እንደሆነ፣ ታጥቦ ወይም ተፍቆ እንደሆነ ትመረምራለህ። ከዚያ «ስንት?» ትላለህ። ጥያቄው እውቀት ነው፤ ጓደኛህን ከመታለል ያድነዋል። በአቦሉ ላይ «ስንት?» ማለት የለመደ አፍ ታዲያ በቶናውም ላይ ሳያስበው ይለዋል። እዚህ ላይ ግን ጥያቄው ሥራውን ለውጧል። ሶፋውን ማንም ሊለውጠው አልመጣም። ስልኩን ማንም አይገዛውም። ስለዚህ የዋጋው መልስ ስለ ዕቃው የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ የሚነግራችሁ ከመካከላችሁ ማን የበለጠ ገንዘብ እንዳለው ነው። ያን ደግሞ ሁላችሁም ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ልብስ ሰፊው ዝም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

አባባ ይህን ልማድ ሲጀምሩ ያሰቡት ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ዕድሜያቸውን በፖስታ መካከል ያሳለፉ ሰው ግን ዓይን ያላቸው መሆናቸውን እገምታለሁ። ለብዙ ዓመት ቴምብር ሲያይ የኖረ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል፤ በጠርዙ ዙሪያ ያለውን የጥርሱን መጉደል፣ የቀለሙን መለየት፣ የማኅተሙን ቀን። ያ ዓይን ከደብተሩ ወጥቶ ወደ ገበያው፣ ወደ ማድ ቤቱ፣ ወደ መንገዱ ሲዞር ምን ያገኛል? የቶና ዕቃ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ቴምብር ላይ አንዱ ከሌላው ይበልጣል፤ ገንዘብ ያለው ሰው የተሻለ ስብስብ ሊኖረው ይችላል። በሚገኝ ነገር ላይ ግን ልብስ ሰፊው ከባንክ ሠራተኛው ያነሰ ዓይን የለውም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ስፌትና ጨርቅ የሚያይ ሰው ይበልጥ ይሆናል። ይህን ሰዓት ካጠፋችሁት የሚቀርላችሁ የልውውጥ ገበያ ነው። ለዚህ ነው አይቅር ያልኩህ።

ከተማችሁም ለዚህ የተመቸች ናት። የሂርማታ ገበያ በንጉሥ አባ ጅፋር ዘመን ቡናውና ማሩ በጠገራ ብር የሚሸጥበት የደቡብ ምዕራቡ ታላቅ ገበያ ነበር። የዚያን ጊዜ ነጋዴ ብሩን ከመቀበሉ በፊት በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥና በራሷ ላይ ያለውን ዕንቁ አተኩሮ ያይ ነበር፤ የተፋቀውን አልቀበልም ይላል። የእናንተም የሐሙስ ገበያ ዛሬ ቀስ ብሎ ለሚያይ ሰው የሚያሳየው አያጣም።

ስለ በርጩማው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እባክህ ልብስ ሰፊውን ቫርኒሽ እንዳይቀባው ለምንልኝ። አሮጌ ሳንቲም እንደማይታጠብ ለአንተ አልነግርህም፤ ያጠበ ሰው አብረቅራቂ ብረት ይዞ ይቀራል፤ የሚፈልገው ሰብሳቢ ግን አያገኝም። የበርጩማው መቀመጫ ላይ ያለው ወዝ የብዙ ዓመት ሰው የተቀመጠበት፣ የብዙ ዓመት የምድጃ ጭስ ያረፈበት ነው። ቫርኒሹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ትናንት ከተሠራው መለየት ይቸግራል። በደረቅ ጨርቅ ይጥረገው፣ ፀሐይ ላይ አያቆየው፣ እንዳይሰነጠቅ ከምድጃው ያርቀው። ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ሦስት እግር ስላለው በተጎረበጠ መሬት ላይ እንኳ ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ አራት እግር ያለው የእንጨት ወንበር ግን መሬቱ እኩል ካልሆነ ይንገዳገዳል። ይህን ለልጆችህ በጂኦሜትሪ ልታስረዳቸው ትችላለህ፤ በሦስት ነጥቦች ላይ ምንጊዜም አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ያርፋል።

የባንክ ሠራተኛውን እንደ ጥፋተኛ አትየው። ከደብዳቤህ የማየው ሰው ደስታውን ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር ለመካፈል ያመጣ ሰው ነው። ምናልባት እርሱም ከዋጋው በቀር ምን እንደሚባል አላወቀም ይሆናል፤ የጠየቃችሁትም እናንተ ናችሁ። እርሱን ከማስቀየም ጥያቄውን መለወጥ ይሻላል። ስልኩን ሲያሳያችሁ «ፎቶ ማንሻው የቴምብሩን ጥርስ አጉልቶ ያነሣል?» በሉት፤ በዚያው ቅጽበት አንድ ቴምብር አውጥታችሁ ሞክሩት። ዓይኑ የደከመ አዛውንት በማጉያ መነጽር የሚያየውን በስልክ ፎቶ ካየ የዚያ ቀን ስልክ ከዋጋው በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለ ሶፋውም የሚጠየቅ አለ፤ ውስጡ ባሕር ዛፍ ነው ወይስ ዋንዛ? የሠራው የከተማችሁ አናጢ ነው? ጥጉ በምስማር ነው የተያያዘው ወይስ በእንጨት ለእንጨት? እንዲህ የተጠየቀ ሰው ሶፋውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየዋል። ውድ ዕቃ ይዞ መምጣት አይከልከል። ያለውም የሌለውም ስላመጣው ነገር የሚያወራው ይኑረው።

ይህን ለማኅበሩ አንተ አታቅርበው። ዋጋውን በቅርቡ የተናገርክ ሰው ተነሥተህ ዋጋ አይነሣ ብትል ባንክ ሠራተኛው በእርሱ ላይ የተነገረ ይመስለዋል፤ ሌላውም «ራሱ አድርጎት» ይላል። ሽማግሌ አላችሁ። ቅዳሜ ደብተራቸውን ይዘህ አባባ ቤት ሂድ። ደብተሩን በማቆየትህ ይቅርታ ጠይቅ። ከዚያ ሰው በሌለበት እንዲህ በላቸው፦ «አባባ፣ የቶና ዕቃን ያስጀመሩን እርስዎ ነዎት። እኔ ባለፈው ጊዜ ዋጋ ለመናገር ብዬ ያልሆነ ነገር አደረግኩ፤ ቤቴንም አስቸገርኩ። ሌሎችም ዝም እያሉ ነው። እንደ ድሮው እንዲሆን አንድ ቃል ቢናገሩን?» ከዚህ በላይ አትጨምር፤ የማንንም ስም አትጥራ። እርሳቸው ቀጣዩን ቶና የሚያስጀምሩበትን መንገድ ያውቁበታል። የራሳቸውን ዕቃ ቀድመው ቢያወጡና ማን እንደሰጣቸው፣ የት እንዳገኙት ቢያወሩ፣ ዋጋ የጠየቀ ሰው ቢኖር «እርሱን ተወውና ይህን እየው» ቢሉ በቂ ነው። ደንብ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ አልልህም፤ አሥር ወዳጆች መካከል ለተነሣ ነገር የአባባ አንድ ቃል ይበቃል።

ከአባባ ቤት ስትወጣ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎራ በል። ሁለት ጊዜ «ምንም የለኝም» ያለ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ላይመጣ ይችላል፤ አንተ እንኳ ቴሌቪዥን ገዝተህ ቀርተሃል። ስለ በርጩማው ለእኔ የጻፍከውን ለእርሱ ንገረው፤ በጽሑፍህ ላይ ያለውን ቃል በቃል። እርሱ ምናልባት ሁላችሁም የረሳችሁት መስሎት ይሆናል።

የአንተ ተራ ሲደርስ ደግሞ አንድ የምጠይቅህ ነገር አለኝ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ለእናንተ ቡና የሚያፈላው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የተረኛው ሚስት፣ እህት ወይም ልጅ ትሆናለች። ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ አቦሉን ትቀዳለች፤ ቶናውን ትቀዳለች፤ እናንተም ዕቃችሁን ታሳያላችሁ። የቶና ዕቃ ምን አለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ነበር? በአንተ ቤት መጀመሪያ ባለቤትህን ጠይቃት። ፈቃደኛ ካልሆነች ተዋት፤ በሰው ፊት መናገር የማትወድ ልትሆን ትችላለች። ግን ቢያንስ ጀበናዋን ከየት እንዳመጣቻት ጠይቅ።

ጀበና መምረጥ የምታውቅ ሴት አንዱን ከመግዛቷ በፊት ምን እንደምታደርግ አይተህ ታውቃለህ? ሆዱን በጥፍሯ ኳ አድርጋ ትመታዋለች፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ የተጠበሰና ያልተሰነጠቀ ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ትመልሰዋለች። አንገቱ ከሆዱ የተገናኘበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ትዞረዋለች፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እዚያ ነው። እጀታውን ይዛ ወደ ፊት ታዘነብለዋለች፤ ቡና ሞልቶ ሲከብድ እጅ እንደማይጠመዝዝ ለማወቅ ነው። ቂጡን ታያለች፤ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ማቶት ይፈልጋል? ቤት ከገባ በኋላም እንዲሁ ቡና አይፈላበትም፤ ይሟሻል። ያልተሟሸ ጀበና የሸክላ ጣዕም ይሰጣል፤ ቡናውንም ይጠጣዋል። ይህ ሁሉ እውቀት ቡና በተጠጣ ቁጥር በፊታችሁ ተቀምጦ ነበር፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። የጅማ ልጆች ሆናችሁ ከቡናው መካከል ስለ ቡናው ዕቃ አለማውራታችሁ ያስቆጨኛል።

በተራህ ቀን የአንተ የቶና ዕቃ ምን ይሁን ብለህ አትጨነቅ። ለዚያ ቀን ብለህ ምንም አትግዛ። መምህር ነህ፤ የተማሪዎችህ አያቶች ቤት ያለውን አስብ፤ የድሮ የተማሪ ደብተር፣ መስታወቱ የጠቆረ ፋኖስ፣ መያዣው በሽቦ የታሰረ ራዲዮ። ለማየት ብቻ ተዋስና መልስ። በመንገድህ ላይ ያየኸውንና ሊመጣ የማይችለውን በቃል ንገራቸው፤ አንድ አሮጌ ቤት በር ላይ ያለ ቅርጽ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ገና ካልተሸጠና በቤትህ ካዩት ስለ እርሱ የሚጠይቁህን እውነቱን ተናገር፤ «ልሸጠው ነው፤ ቆርቆሮ እቀይርበታለሁ» በል። ይህን ለመናገር የምታፍር ይመስልሃል፤ ግን ከእነዚያ አሥር ሰዎች መካከል በየቤቱ የሚያፈስ ጣሪያ ያለው አንተ ብቻ አይደለህም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በሰው ቤት ወይም በገበያ የምታገኙት ነገር የብራና መጽሐፍ፣ የቆየ በእጅ የተጻፈ ቁርኣን ወይም ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የወጣ የሚመስል ዕቃ ከሆነ የቶና ጨዋታ አታድርጉት፤ ገዝታችሁም አትለዋወጡት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ በ1992 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቅርስ ይመዘገባል፣ እንደ ፈለጉ አይሸጥም፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። በከተማችሁ የአባ ጅፋር ንብረቶች ያሉበት ሙዚየም አለ፤ የባህልና የቱሪዝም ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤትም አለ። የት እንዳያችሁት ለእነርሱ ንገሩ፤ ባለቤቱንም ሳታስደነግጡ አስረዱት። የሰብሳቢ ዓይን ያለው ሰው ከሌላው ሰው ቀድሞ ስለሚያይ ይህ ግዴታው ይመስለኛል።

ዋጋ ጨርሶ አይጠየቅ ማለቴ እንዳልሆነ ደግሞ ግልጽ ይሁን። ባለቤትህ የእርሷን ዓይነት ጀበና የምትፈልግ ጓደኛ ካለቻት፣ ወይም ሌላው አባል ለቤቱ ተመሳሳይ ሶፋ ሊያሠራ ካሰበ ዋጋውን ማወቅ ይኖርበታል፤ ሻጩ እንዳያታልለው የወዳጅ ምክር ያስፈልገዋል። ያን ግን በረካው ተጠጥቶ ሰው ሲነሣ፣ በሩ አጠገብ፣ የሚገዛው ሰው የገዛውን ሰው ለብቻው ይጠይቀው። በመቶም ገዛው በሺህ፣ የሚሰማው ሥራዬ ብሎ የጠየቀው ሰው ብቻ ይሆናል።